ናሱ ይሸከም፣ እንጨቱ ይናገር

አባቴ ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ አላላቸውም።

አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ወጉን የማያውቅ የለም። ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ ቆሞ ይናገራል፣ አባወራው ሰምቶ «በሉ ቁጭ በሉ» ይላል፣ የዚያን ጊዜ ነገሩ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። ባይፈልግ እንኳ «ዘመድ ላማክርበት፣ ተመለሱ» ብሎ በክብር ይሸኛል። አባቴ ግን ሁለቱንም አላደረገም። በማያዩት ዓይኖቹ ወደ በሩ ዞሮ፣ ሐጂ አብዱሰመድንና የፍቅረኛዬን የኤልያቄምን የንስሐ አባት እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«እኔ ድልድይ የሠራሁ ሰው ነኝ። ልጁ የድልድይ አሻንጉሊት ነው የሚሠራው። ልጄን ለአሻንጉሊት ሠሪ አልሰጥም።»

ሶፋው ባዶውን ቀረ። ሐጂ አብዱሰመድ፣ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ለኤልያቄም ሱቅ ያከራዩት ሽማግሌ፣ ቆባቸውን አስተካክለው «መልካም፣ አላህ ጤናዎን ይስጥዎት» ብለው ወጡ። እኔ ወጥ ቤት በር ላይ ተጣብቄ እግራቸው ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁ። በዚህ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ስንት ሰው ሲወርድ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቀስ ብሎ የወረደ ግን አላስታውስም።

ኤልያቄም ሞዴል ሠሪ ነው። ሕንፃ የሚማሩ የልደታ ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል። እኔም የመመረቂያ ሥራዬን ላሠራ ነበር የሄድኩት። ኮምፔንሳቶ ሲቆርጥ ነው የደረስኩት። የመጋዙን ብናኝ እፍ ሲል ቀና አለ፤ አየኝ፣ አየሁት። እሱ የያዘውን፣ እኔ የመጣሁበትን ረስተን ቆምን። «ምን ልታዘዝ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ» ብዬ መለስኩለት። ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ ይስቅብኛል።

አባቴ ጋሽ በድሉ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከወንዝ ወንዝ እየዞረ ድልድይ ሲያሠራ የኖረ መሐንዲስ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ እሱና እኔ ብቻ ነን። ዓይኑን ግላኮማ ወሰደው። ሽማግሌዎቹን በመለሰ ማግሥት ደግሞ ልቡ ከዳው። ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና «ቤቱ ይሁን፤ ደስ የሚለውን አድርጊለት» አለኝ። ይህ በሐኪም አፍ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አልጋውን ሳሎን መስኮቱ ሥር አመጣሁት፤ ቦታ ስለጠበበ ሶፋውንም ወንበሩንም ጎረቤት አስቀመጥኩ።

እውነቱን ልናገር። ያለ አባቴ ምርቃት ላላገባ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። «ይህ የድሮ ሰው ነገር ነው» የሚለኝ ይኖራል፤ ይበለኝ። የወለደኝ ሰው እንቢ ብሎ ከሞተ፣ እንቢታውን ከመቃብር ማን ያነሳልኛል? ስለዚህ ሌሊት ከቀን ሳሰላስል የነበረው ይህንኑ ነው፤ አባቴ የሞተ ዕለት ሁለቱንም በአንድ ቀን ላጣ ነው።

«ደስ የሚልህ ምንድን ነው አባዬ?» አልኩት አንድ ጠዋት።

«ያቺ መርከብ» አለ።

ያቺን መርከብ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። አባቴ ያደገው ጋምቤላ ነው። ክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት የምትሄድ መርከብ ከሱዳን ትመጣ ነበር፤ በግራና በቀኟ ትልልቅ መንኮራኩር፣ መንኮራኩሩ ላይ ውሃውን የሚገፉ የእንጨት መቅዘፊያዎች። እናቱ ታማ በእሷ ተሳፍራ ለሕክምና ካርቱም ሄደች። አባቴ የሚቀጥለውን ክረምት ወንዙ ዳር ተቀምጦ ጠበቀ። መርከቧም እናቱን መለሰችለት። ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ ባገኘው ነገር ላይ መዳፉን ቸብ፣ ቸብ ያደርጋል። እኔም ሺህ ጊዜ አይቼው ልብ ብዬ አላውቅም።

ለኤልያቄም ነገርኩት። አንዴ ቀና ብሎ አየኝና «እሠራታለሁ» አለ።

«መቅዘፊያዎቹ እንጨት ነበሩ ብሏል።»

«እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣመማል። ደግሞ ለአባትሽ እንጨት ይዤ ልቅረብ? አሻንጉሊት ሠሪ ላሉኝ ሰው?»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። የሚወስድ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው።

መርከቧን ይዞ የመጣ ቀን የደረጃው ጎረቤት ሁሉ ተከትሎት ገባ። ከክንድ ትንሽ የምትረዝም፣ ጭስ ማውጫ ያላት፣ ነጭ የተቀባች መርከብ። መንኮራኩሮቿ ከክቡ እስከ መቅዘፊያው ናስ ነበሩ፤ የመስኮቱ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ግድግዳው ላይ ብርሃን ይረጫሉ። የፊት ለፊቷ ጎረቤቴ ሸምሲያ «ማሻአላህ! ይሄማ ወርቅ ነው!» አለች። አባቴ ያ ሁሉ አድናቆት ሲዥጎደጎድ ዝም ብሎ እጁን ዘረጋ። መንኮራኩሩን ዳሰሰው።

«ቀዝቃዛ ነው» አለ።

ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩ። ኤልያቄም መርከቧን ውሃው ላይ አድርጎ ትንሿን ሞተር አስነሳ። ናሱ ውሃውን እየሰነጠቀ ተሽከረከረ። ያማረ ነገር ነበር። እኛ የምናየው ሰዎች ትንፋሻችንን ዋጥን። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጠበቀ፣ ጠበቀ። ከሳፋው የሚሰማው ሽሽሽ የሚል ነገር ብቻ ነው።

«ይሄ መርከብ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ሳፋ ውስጥ ማንኪያ እያማሰላችሁ ነው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጎረቤቱ አንድ በአንድ ወጣ። የኤልያቄምን ፊት ማየት አቃተኝ።

ደረጃው ላይ ደረስኩበት።

«እንጨት ነው አላልኩህም?»

«ቤርሲ፣ ያን ናስ ስሞርድ ጣቶቼ ምን እንደሆኑ እዪ። ለአባትሽ ያለኝን ክብር በምን ላሳይ?»

«ለአባቴ አይደለም ናሱ። ለራስህ ነው! ጎረቤት ማሻአላህ እንዲልልህ ነው!»

እንዲህ ያለ ቃል ከአፍ ሲወጣ ይቀላል። መርከቧን ብብቱ ውስጥ እንዳለች ይዞ፣ ውሃዋ በሸሚዙ ላይ እየወረደ፣ አንዴ ብቻ አየኝ። የመጀመሪያ ቀን ያየኝን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ይሄኛው ሌላ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እሱ ወይስ እኔ፣ ማናችን ነን የጣልነው? ዘወር ብሎ ወረደ።

ከዚያ በኋላ አልደወለም። እኔም እልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ መልእክት መጣ፤ ተጣድፌ ከፈትኩት። «ይቅርታ። ድምፁ ምን ዓይነት ነበር?» ይላል። ይኸው ነው። አባቴ አፉን ለሾርባ እንኳ አልከፍትም ብሎ እየሞተ ነው፣ እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ፣ እሱ ስለ ድምፅ ይጠይቀኛል! ደህና ነሽ ወይ እንኳ የለበትም። መልስ ሳልሰጥ ስልኩን ወረወርኩት፤ ሶፋ ባለመኖሩ መሬት ላይ አረፈና መስታወቱ ተሰነጠቀ።

አባቴ በየቀኑ ያንስ ጀመር። ስጠራው «አቤት» የሚለኝ ከሩቅ አገር ይመስላል። ከእግሩ ሥር ተቀምጬ «አባዬ፣ እሱን ተወው፣ አላገባም፣ አንተ ብቻ ብላልኝ» እስከማለት ደርሻለሁ። ይህን ስል ውስጤ ምን እንደተቆረጠ የማውቀው እኔ ነኝ። እሱ ግን ይህንንም አልሰማኝ ይሆናል። መዳፉን አንስቶ የአልጋውን ጠርዝ መታ። ቸብ። አረፈ። እንደገና ቸብ። አረፈ።

እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

ያ ሁሉ ዘመን መዳፉ የሚያደርገው ይህን ነበር! ወንዙ ዳር የተቀመጠው ልጅ መርከቧ መታጠፊያውን ሳትዞር፣ ገና ሳያያት፣ የሚሰማው የእንጨቱን ድምፅ ነው። ውሃውን በጥፊ እየመታች ነበር የምትመጣው። ዓይኑ ለጠፋ ሰው የሚያብረቀርቅ ናስ አመጣንለት። ኤልያቄምም ይህ ገብቶት ኖሯል የጠየቀኝ። እኔ ነኝ ያልገባኝ።

ሸምሲያን «አባዬን አደራ» ብዬ ሮጥኩ። ታክሲ አልጠበቅኩም፤ ከኮንዶሚኒየሙ እስከ ጌጃ ሰፈር በእግሬ፣ ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ ሄድኩ። ሱቁ ጋ ስደርስ ሐጂ አብዱሰመድ በሩ መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ እንደምን ዋሉ? ምነው እዚህ?»

«በር ሆኜ ነዋ!» አሉኝ። «ያንቺ ሰው የሱቁን በር ከማጠፊያው ነቅሎ ሰነጠቀው። ያ ረቢ! አከራይ ነበርኩ፣ ዘበኛ አደረገኝ። ግቢ እስቲ፣ አንቺን ይሰማ እንደሆን።»

ወለሉ ላይ እርጥብ እንጨት ተበታትኗል። ባሕር ዛፉ ተጣሟል። ኮምፔንሳቶው ውሃ ጠጥቶ እንደ ሽንኩርት ተልጧል። ዋንዛው በደንብ ተሠርቶ ነበር፣ ግን ወዲያ ተጥሏል። በመሀሉ ኤልያቄም ሳፋ ፊት ተንበርክኮ መንኮራኩር በእጁ ያዞራል። ዓይኖቹን በጨርቅ አስሯል። እሱ ጋ ረስቼው የሄድኩት የአንገት ልብሴ ነው።

እንዲያ ሆኖ ሳየው እልኬ የት እንደገባ አላውቅም። አባቴ የሚሰማውን ሊሰማ ዓይኑን የዘጋ ሰው ነው፤ እኔ «ለራስህ ነው» ያልኩት።

«ሐጂ?» አለ ኮቴዬን ሰምቶ። «ዋንዛውም አልሆነም። ለስላሳ ነው፣ ያጉተመትማል። ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ባውቅ…»

ፊቱ ተንበርክኬ እርጥብ እጁን ያዝኩና መዳፉን ገልብጬ በመዳፌ መታሁት። ቸብ። ቆየሁ። ቸብ። ቆየሁ። ማን እንደሆንኩ አውቋል፤ ጨርቁን ግን አላወለቀም። እንባው ከጨርቁ ሥር ወረደ።

«እንዲህ ነው» አልኩት። «አባዬ እንዲህ ነው የሚመታው።»

«ዝግ ያለ ነው» አለ በቀስታ። «ሞተሩ ይቸኩላል፤ በእጅ ነው የሚዞረው። መቅዘፊያውም ወፍራም ነው፣ ጠፍጣፋ። ድገሚልኝ።»

ደገምኩለት። የመሸ እስኪመስለኝ ደገምኩለት። ከዚያ በእጁ ዳብሶ ከሳፋው ጀርባ የበሩን ጣውላ አነሳ። «ጥድ ነው። ሐጂ እንኳ መቼ እንደተሠራ አያውቁም። ክረምቱንም በጋውንም በሩ ላይ ቆሞ አሳልፏል። የሚጣመመውን ተጣሞ ጨርሷል፤ ከእንግዲህ አይለወጥም። ክቡና ዘንጉ ናስ ይሁኑ፤ ናሱ ይሸከም፣ እንጨቱ ይናገር።»

«በር የሌለው ሱቅ ይዘህ እንዴት ልትኖር ነው?»

ጨርቁን አወለቀ። አየኝ። «አንቺ የሌለሽበትን ሱቅ ለምን ልቆልፈው?» አለኝ።

ሸምሲያ አባዬ ጋ እንድታድርልኝ በስልክ ለምኜ፣ ጥዱን ሲቀርጽ እኔ እየያዝኩለት ነው የጨረስነው። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ቤት ስንገባ ሸምሲያ ከአልጋው አጠገብ ተነስታ ዓይኔን ሸሸችኝ። «ዛሬ ውሃም አልዋጠም» ብላኝ ወጣች። የአባቴ ትንፋሽ አንዱ ከሌላው ይርቃል። ኤልያቄም ቆሞ ቀረ። ሳፋውን እኔ ሞላሁ። ከችኮላዬ ግማሹን ወለሉ ላይ አፈሰስኩት።

«ዘግይተናል» አለኝ በሹክሹክታ።

«አዙረው!» አልኩት። «ዝም ብለህ አዙረው!»

መዘወሪያውን ይዞ አዞረ። ቸብ። ጥዱ ውሃውን በጥፊ መታው። ቸብ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ቸብ። የአባቴ ፊት ወደ ግድግዳው እንደዞረ ነው። ኤልያቄም ሊያቆም እጁ ሲላላ አየሁና በእጁ ላይ እጄን ደርቤ አብሬው አዞርኩ። አምላኬን ያልለመንኩት ነገር የለም።

አባቴ ፊቱን አዞረ።

ቀስ ብሎ፣ አንገቱ እንደከበደው ሁሉ፣ ወደ ሳፋው ዞረ። እጁ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ አየሩን ፈለገ። ይዤ ውሃው ላይ አደረስኩለት። መቅዘፊያዎቹ ጣቶቹን እየመቱ አለፉ።

«መጣች» አለ።

ማንን እንደሚል አልጠየቅነውም። እንባው በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ፤ ፊቱ ግን የልጅ ፊት ሆኖ ነበር። ብዙ ከቆየ በኋላ «ማነው የሚያዞራት?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ኤልያቄም።»

አባቴ አንዱን መቅዘፊያ ይዞ ዳሰሰው። እኔ ደግሞ ሞትኩ። «እንጨቱ ምንድን ነው?» አለ።

«ጥድ ነው።»

«አሮጌ ጥድ ነው። ከየት አገኘኸው?»

«የሱቄ በር ነው፣ ጋሼ።»

«በርህን ነቅለህ ሱቅህን በምን ዘጋኸው?»

ኤልያቄም ወደ እኔ አየ፤ መዋሸት አይችልበትም። «በሐጂ አብዱሰመድ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው እየጠበቁልኝ ነው።»

አባቴ ሳቀ። ስንት ጊዜ ያልሰማሁት ሳቅ! ወዲያው ሳል ሆነ፣ ሳሉ ትንፋሹን ይዞት ሄደ፤ ደግፌ አቀናሁት። ትንፋሹ ሲመለስ ሳቁ ጠፍቶ ነበር።

«እኒያ እኔ ቁጭ በሉ ያላልኳቸው ሰውዬ?»

«አዎ» አልኩ።

«ለሱ ብለው በር ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ቤት ግን ቆመው መጥተው ቆመው ሄዱ።» ፊቱን ወደ ኤልያቄም መለሰ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ድልድይ ስሠራ ሰው ወደ ማዶ የሚሻገርበትን ብቻ ነው የማየው እል ነበር። አንተን አላየሁህም። ሂድ ጥራቸው። ቄሱንም። አሁን፣ ቶሎ። ቤርሳቤህ፣ ወንበር አዘጋጂ። ሰው ቤቴ ቆሞ አይመለስም።»

ኤልያቄም ደረጃውን ሲወርድ የሮጠ አይመስልም፣ የወደቀ ነው የሚመስለው። እኔ ቤቱን ዙሪያውን ባየው አንድ ወንበር የለም። እንባዬን ሳልጠርግ ወጥቼ የሸምሲያን በር ደበደብኩ። ኮሪደሩ ላይ ልብስ የሚያሰጡት ሴቶች ዞሩ።

«ወንበር» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣልኝም። «ሸምሲ፣ ወንበር… ያለሽን ሁሉ…»

ኮንዶሚኒየም ውስጥ እያለቀሰ ወንበር የሚለምን ሰው ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። ሸምሲያ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ወይኔ ጋሽ በድሉ!» አንዷ ነጠላዋን ዘቀዘቀች፤ ከታች የእድሩን ዳኛ የሚጠራ ድምፅ ተሰማ። እኔ ራሴን ብነቀንቅም ልቅሶዬ ይባስ ያሳምናቸዋል። የሸምሲያን እጆች ከራሷ ላይ አወረድኳቸው።

«አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ። «አልሞተም፣ ሸምሲ! ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ ሊላቸው ነው!»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ገፍታኝ ገባችና አንዱን ወንበር ራሷ ላይ፣ አንዱን ክንዷ ላይ አድርጋ ወጣች። «ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ? ያዢ!» አለችኝ። ነጠላዋን የዘቀዘቀችው ሴትዮ እየሳቀችና እያለቀሰች እየመለሰችው ነበር።

ወንበሬን አቅፌ ወደ ቤቴ በር ሮጥኩ። ከውስጥ የሚሰማ ነገር መኖሩን ለማዳመጥ አንድ አፍታ ቆምኩ። መዳፉ የአልጋውን ጠርዝ ሲመታ ሰማሁት፤ ቸብ አለ፣ አረፈ፣ የሚቀጥለው ዘገየ። ወንበሩ ላይ ፊቴን ደፍቼ ለመንኩ።

አምላኬ ሆይ፣ ሌላ አልልህም። እስኪቀመጡ ብቻ።